«የአንጀት ነቀርሳ» የቱ ነው? ስለ ትንሹ አንጀት ካንሰር የሕክምና ሰነድና የመለያ ቁጥር አሰጣጥ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሲሰሙት የካርድ ክፍል ሠራተኛን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገር ግን ሐኪሙንም፥ ነርሱንም፥ የላቦራቶሪ ባለሙያውንም፥ ከሁሉም በላይ በሽተኛውን የሚመለከት መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ። ንግግሬንም ከጫኖ እጀምራለሁ።

ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን፥ በአባያ ሐይቅ አካባቢ የምትገኘውና በሙዝ ምርቷ የምትታወቀው ጫኖ፥ በጤና መረጃ ሥራችን ውስጥ ስሟ የሚነሣ ሥፍራ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 ድረስ በጫኖ ሚሌ ቀበሌ ነዋሪው በየሳምንቱ እየተጠየቀ የወባ ሕመም ይመዘገብ ነበር። ከዚህም የተገኘው ጥናት ለዓለም ቀርቧል። በሚገባ ከተመዘገበ አንድ የገጠር ቀበሌ እንኳ ለሳይንስ ምስክር ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ይሁን እንጂ ወባ በአንድ ጠብታ ደም ይታወቃል። የትንሹ አንጀት ካንሰር ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። ትንሹ አንጀት ባዋቂ ሰው ስድስት ሜትር ያህል ይረዝማል። ሆኖም ከምግብ መንሸራሸሪያ አካላት ካንሰሮች ሁሉ የእርሱ ድርሻ ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። ምልክቱም መጣ ሄደት የሚል የሆድ ቁርጠት፥ ማስመለስ፥ የደም ማነስ፥ የሰውነት መክሳት ነው። እነዚህ ደግሞ የብዙ በሽታዎች የጋራ ምልክቶች ናቸው። የተለመደው የጨጓራ መመልከቻ መሣሪያም ከአንጀቱ መጀመሪያ አልፎ አይዘልቅም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በሽታው የሚታወቀው አንጀት ተዘግቶ ሆድ ሲከፈት ነው።

እስቲ አንድ የጫኖ ሙዝ አምራች በሐሳባችን እንከተል። ሆዱን ባመመው ጊዜ መጀመሪያ ወደ ቀበሌው ጤና ኬላ፥ ቀጥሎ ወደ ጤና ጣቢያ፥ ሲብስበትም ወደ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ይሄዳል። እዚያም ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ የተገኘው እባጭ ተቆርጦ ይወጣል፥ ናሙናውም ለምርመራ ይላካል። በካርዱ ላይ «የአንጀት ነቀርሳ» ተብሎ ይጻፋል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በቋንቋችን «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ቲቢ ማለታችን ነው። «ነቀርሳ» ብቻውን ሲነገር ግን ካንሰር ማለት ነው። ታዲያ «የአንጀት ነቀርሳ» የቱ ነው? የአንጀት ቲቢ ከሆነ መለያው ኤ 18.3 ነው። የትንሹ አንጀት ካንሰር ከሆነ ግን ሲ 17 ነው። ነገሩን የሚያከፋው፥ የአንጀት ቲቢ አዘውትሮ የሚቀመጠው ትንሹ አንጀት ከትልቁ አንጀት በሚገናኝበት ቦታ መሆኑና ለዓይንም ለእጅም ካንሰር መምሰሉ ነው። የአንዱ መድኃኒት ለወራት የሚዋጥ ክኒን ነው፤ የሌላው ቀዶ ሕክምናና የካንሰር ሐኪም ክትትል ነው።

ይህን የምናገረው ከራሴ ስሕተት ተምሬ ነው። በወጣትነቴ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል እንዲሁ የተጻፈ ካርድ ደርሶኝ፥ ሳልጠይቅ ከቲቢ ጋር መደብሁት። የናሙናው ውጤት ከወራት በኋላ በሌላ ሰው ማኅደር ውስጥ ተሰክቶ ተገኘ። ካንሰር ይላል። በሽተኛው ግን ወደ አገሩ ገብቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲያም አልተመለሰም። ጥፋቱ የብዙዎች ነው፤ የእኔ ድርሻ አለመጠየቄ ነበር።

የምንሠራበት የበሽታዎች ምደባ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1893 የቀረበው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር ነው። በ1948 የዓለም ጤና ድርጅት ተረከበው። አሥረኛው እትም በ1990 ጸደቀ። በዚህ እትም ሲ 17.0 ዱዎዴነም፥ ሲ 17.1 ጄጁነም፥ ሲ 17.2 ኢሊየም ነው። ሲ 17.9 «ክፍሉ ያልተገለጸ» ማለት ነው። «አንጀት» ብቻ ከተባለና ትንሹ ይሁን ትልቁ ካልታወቀ ግን ሲ 26.0 ይሆናል፤ ያን ጊዜ በሽተኛው ከትንሹ አንጀት ቁጥር ጨርሶ ይወጣል።

ድንበሮቹም ጥንቃቄ ይሻሉ። ኢሊየም ከትልቁ አንጀት የሚገናኝበት በር የሚመደበው በትልቁ አንጀት፥ በሲ 18.0 ነው። የሐሞት ቱቦ ወደ ዱዎዴነም የሚከፈትበት ሥፍራ ሲ 24.1 ነው። ከሌላ አካል ተዛምቶ የመጣ ካንሰር ሲ 78.4 እንጂ ሲ 17 አይባልም። በትንሹ አንጀት ላይ የሚነሣ ሊምፎማም የራሱ ምድብ አለው። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ አንዲት ቃል ቢያጎድል ቁጥር ሰጪው ከየትም አያመጣትም።

ስለ ጥያቄ ምልክትም አንድ ነገር ልጨምር። በአሥረኛው እትም መመሪያ መሠረት፥ ሕክምናው ሲያበቃ ምርመራው «ተጠርጥሯል» እንደተባለ ከቀረና ሌላ ማብራሪያ ከሌለ፥ እንደ ተረጋገጠ ተቆጥሮ ቁጥር ይሰጠዋል። ሐኪሙ በጥርጣሬ ያስቀመጣት ምልክት በቁጥሩ ላይ አትታይም። እንግዲህ ናሙናው ሳይመለስ ማኅደር መዝጋት ጥርጣሬን እውነት ማድረግ ነው።

በቤቱ የሚሞተውስ? በአርባ ምንጭ ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2009 በተቋቋመው የጤናና የሕዝብ ክትትል ጣቢያ፥ ለሞት ምክንያት የሆነው ነገር ከቤተሰብ በቃል ይጠየቃል። ቤተሰቡ በጋሞኛ ያየውን ይናገራል፤ ነገር ግን ያላየውን የአንጀት ክፍል ሊናገር አይችልም። በአዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው የካንሰር መዝገብ የሚሰበስበው ከየሆስፒታሉ ማኅደር ነው። ሁሉም የሚቆመው በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳስባለሁ። «ነቀርሳ» ብቻውን በካርድ ላይ አይጻፍ፤ ቲቢ ወይም ካንሰር ተብሎ ይለይ። የአንጀቱ ክፍል፥ የሕብረ ሕዋሱ ዓይነት፥ እዚያው የተነሣ ወይም የተዛመተ መሆኑ፥ በምን እንደ ተረጋገጠና ቀኑ ይመዝገብ። የናሙና ውጤት እንደ ደረሰ ከማኅደሩ ይያያዝ፥ ቁጥሩም ይታረም። ቁጥር ሰጪውም ያልገባውን ካርድ ይዞ ሐኪሙን የመጠየቅ መብት ይኑረው፤ የተጠየቀውም አይቆጣ።

እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ በዋለው በአሥራ አንደኛው እትም የትንሹ አንጀት ካንሰር መለያ 2 ቢ 80 ሆኗል። ቁጥሩ ወደፊትም ይለወጥ ይሆናል። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ከጫኖ ተነሥቶ እኛ ዘንድ የሚመጣው ሰው ሕመሙን ነግሮን ሲሄድ፥ ትክክለኛውን ስም ጽፎ የማቆየቱ ኃላፊነት የኛ ነው።