መምህሩና የሜምፊስ ራዲዮ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የዘፈን ራዲዮ ጣቢያ ታሪክ ነው። «ይህ ከትምህርት ቤት በዓል ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል አይጠፋም። አባቴም ራዲዮ በከፈትሁ ቍጥር «ጥናትህስ?» ይለኛል። ነገር ግን ታሪኩን ሳነብ ከመካከሉ አንድ መምህር አገኘሁ፤ ስለዚህ ነገሩ የእኛም ነው ብዬ ቀረብሁ።

ጣቢያው በአሜሪካ፥ በቴነሲ ግዛት፥ በሜምፊስ ከተማ የሚገኘው ደብልዩ ዲ አይ ኤ ነው። ጆን ፔፐርና በርት ፈርጉሰን የተባሉ ሁለት ነጮች በ1947 ከፈቱት፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ኀይሉ 250 ዋት ብቻ ሲሆን የሚያሰማውም በቀን ብቻ ነበር። ዘፈኖቹም ሌሎች ጣቢያዎች ከሚያሰሙት የተለዩ ስላልነበሩ አድማጭ አጣ። የንግድ ራዲዮ የሚኖረው ነጋዴዎች ለማስታወቂያ በሚከፍሉት ገንዘብ ነው፤ ማንም የማይሰማውን ራዲዮ ደግሞ የሚከፍልለት የለም። ስለዚህ ኪሳራ ደጃፉ ላይ ቆመ።

በዚያን ጊዜ ከሜምፊስ ነዋሪ ከመቶ 40 ያህሉ ጥቍር ነበረ። ትምህርት ቤቱ ለብቻ፥ በአውቶቡስ ውስጥ መቀመጫው ለብቻ ነበር። ይህ ሁሉ ሕዝብ ሳሙናና ዱቄት ይገዛል፤ ራዲዮም ያዳምጣል፤ በራዲዮ ግን የራሱን ወገን ድምፅ የሚሰማው እምብዛም ነበር። ፈርጉሰን ይህን አስተዋለና ናት ዊልያምስ የተባለውን ሰው ጠራ። እርሱም ለጥቍሮች በተሠራው በቡከር ዋሽንግተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነበረ።

ጥቅምት 25 ቀን 1948 ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት መምህሩ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጠ። መናገሪያው ጊዜ ሲደርስ ያዘጋጀው ቃል ሁሉ ጠፋበት። ምን ያድርግ? ከት ብሎ ሳቀ! ያ ሳቅ ከዚያ በኋላ መታወቂያው ሆነ። በፈተና ቀን ያጠናነው ሁሉ የሚጠፋብን እኛ ይህ ታሪክ ሊያጽናናን ይገባል።

ከነጮች ወገን ስድብና ማስፈራሪያ መጣ፤ ጣቢያው ግን ወደ ኋላ አላለም። ብዙም ሳይቈይ ዝግጅቱን በሙሉ ለጥቍር አድማጮች በማድረግ በአሜሪካ የመጀመሪያው ሆነ። ከሚሲሲፒ የመጣው ራይሊ ኪንግ በዚሁ ጣቢያ አንድ የመድኀኒት ማስታወቂያ እየተናገረ ጊታሩን ይጫወት ነበር፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን ቢ ቢ ኪንግ የተባለውን ስም ያገኘው እዚያ ነው። የዊልያምስ ተማሪ የነበረው ሩፈስ ቶማስም ሸክላ አጫዋች ሆነ፤ ልጁ ካርላ ደግሞ በጣቢያው የተማሪዎች መዘምራን ጓድ ውስጥ ዘፈነች።

በ1954 ኀይሉ 50,000 ዋት ደረሰ። በዚያው ዓመት ባቋቋመው የርዳታ ገንዘብም አካለ ስንኩላን ጥቍር ሕፃናትን ወደ ትምህርት ቤት የሚያመላልሱ አውቶቡሶች ተገዙ። የጠፋ ዕቃና ሥራ ፈላጊም በራዲዮው ይነገር ነበር።

ታዲያ ባለቤቶቹን እናመስግን ወይስ እንውቀስ? የተነሡት ትርፍ ፍለጋ ነው፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ድምፁ የጥቍሮች ሲሆን ንብረቱ የነጮች ነበር፤ በ1957ም ጣቢያው ለሌላ ነጭ ባለቤት ሲሸጥ ድምፅ የሰጡት ሰዎች ሻጮች አልነበሩም። ይህ ትልቅ ጕድለት ነው። ሆኖም ትርፍ በሩን ቢከፍት በበሩ የገባው ሌላ ነገር ነበር፤ ያም ሰው የራሱን ወገን ድምፅ በመስማት የሚያገኘው ክብር ነው። ይህን ያመጣው የባለቤቶቹ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የመምህሩ ዕውቀትና ድፍረት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የነካኝ ግን መምህሩ ዝነኛ ከሆነ በኋላ ማስተማሩን አለመተዉ ነው። ጧት በራዲዮ ይናገራል፤ ከዚያ ክፍል ገብቶ ታሪክ ያስተምራል፤ ከትምህርት በኋላ እንደገና ወደ ራዲዮ ይሄዳል። ለእርሱ ሁለቱ አንድ ሥራ ነበሩ።

ክቡር ርእሰ መምህር፥ ከመውረዴ በፊት አንዲት ልመና አለችኝ። የትምህርት ቤታችን ድምፅ ማጕያ እስከ ዛሬ የሚያውቀው የአርፋጆችን ስም ነው፤ የእኔንም ደጋግሞ ጠርቶታል። በሳምንት አንድ ቀን፥ በምሳ ሰዓት፥ በአንድ መምህር ተቈጣጣሪነት ለተማሪዎች ይሰጠን። ዜናችንንና ግጥማችንን፥ ቢፈቀድም አንድ ሁለት ዘፈን እናሰማበታለን። የመጀመሪያው ተናጋሪ ቃሉ ቢጠፋበትም አይጨነቅ፤ ይሳቅ።