ጥያቄውን ማን ይጠይቀው?
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለመመረቂያ ጽሑፋችን መጠይቅ ይዘን ወደ ሕዝቡ የምንወጣበት ጊዜ ቀርቧል። «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ነውና የጥናት ሥር ስለ ሆነው ስለ ጥያቄው ጥቂት እናገራለሁ።

መልስ ማብዛት ብቻውን እውነትን አያስገኝም። በ1936 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት 10 ሚሊዮን ያህል ወረቀት በፖስታ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ አገኘ፤ በዚህም ተመክቶ ላንደን ፕሬዚዳንት ይሆናል አለ። ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ያሸነፈው ግን ሩዝቬልት ሆነ። ስሞቹ በብዛት የተለቀሙት ከስልክና ከአውቶሞቢል መዝገብ ነበርና ድኻው ተዘንግቷል፤ ከተጠየቁትም የሚበዙት አልመለሱም።

የጥያቄው አነጋገርም መልሱን ያጣምማል። አንድን ገበሬ «ልጅን ማስተማር ጥሩ መሆኑን ያምናሉን?» ብንለው «አላምንም» የሚል ማን ነው? ይልቅስ «ባለፈው ሳምንት ከልጆችዎ ትምህርት ቤት የዋሉት የትኞቹ ናቸው?» እንበል። «ውሃና መጸዳጃ አለዎትን?» ብንልስ አንዱ ብቻ ያለው ሰው ምን ብሎ ይመልስ? ዕድሜውን ስንጠይቀው ብዙ ጊዜ 30፥ 40፥ 50 እያለ ይደፍናል፤ ይህም በሕዝብ ቆጠራችን ታይቷል። ስለዚህ ሁሉ በሚያውቀው ዘመን እያስታወስን እንጠይቀው።

የጠያቂው ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ከብቱን ስንቆጥር ግብር የምንጨምርበት ከመሰለው ያሳንሳል፤ እርዳታ የምናመጣለት ከመሰለው ድህነቱን ያበዛል። ሚስት በባልዋ ፊት፥ ድኻም በሹም ፊት ብትጠየቅ፥ ቢጠየቅ የልብን አይናገሩም። ስለዚህ ማን እንደ ሆንን፥ ለምን እንደ መጣን አስቀድመን በግልጽ እንንገር፤ ለብቻው እንጠይቅ፤ የተናገረውን ሳናሳምር እንጻፍ። ፀሐዩ በረታ ብሎ ከዛፍ ጥላ ሥር መልሱን ራሱ የሚሞላ ተማሪ ግን ጥናት አላጠናም፤ ሐሰት ጻፈ እንጂ።

መጠይቁን ከማብዛታችን በፊት ለጥቂት ሰዎች አንብበን «ምን ገባዎት?» ብለን እንፈትነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዳይሆንብን።

ጓደኞቼ፥ የጻፍነው ቁጥር አንድ ቀን የውሃ ጉድጓድ የት እንደሚቆፈር ሊወስን ይችላል። ያን ጊዜ ስሕተቱ የእኛ፥ ጥማቱ ግን የገበሬው ይሆናል።