የባቱ የዓሣ ወደብ
እሱ፦ እህቴ፣ ከአዳማ ተነስቶ በሞጆና በመቂ በኩል ባቱ፣ ያው ዝዋይ፣ የሚደርስ ሰው በጠዋት ወደ ሐይቁ ይውረድ። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ከጀልባ ሲራገፍ፣ ቅርፊቱ ሲፋቅ፣ አባ ኮዳ የተባለው ወፍ ቆሞ ድርሻውን ሲጠብቅ ያያል።

እሷ፦ ከዳር ግን አይመለስ! ጀልባ ይዞ ቱሉ ጉዶ ደሴት ይሻገር። ደብረ ጽዮን ማርያም እዚያ ናት፤ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም መጥታ ተጠልላባታለች ይላል ትውፊቱ። የሐይቁ ደሴቶች የዘይ ሕዝብ ናቸው፤ የራሱ ቋንቋ ያለው፣ ከውሃው ጋር የኖረ ሕዝብ።

እሱ፦ እንዲህ ያለ ኑሮ ግን ሊጠፋም ይችላል፤ ሆላንዶች እ.ኤ.አ. በ1932 ዙደርዜ የተባለውን ባሕራቸውን በግድብ ዘጉት። ውሃው ጨውነቱን ሲያጣ የባሕሩ ዓሣ ጠፋ። ዛሬ ጎብኚ የዚያን ዘመን አጥማጆች ኑሮ የሚያየው እንክሃውዘን ወደብ ላይ፣ ሙዚየም ውስጥ ነው።

እሷ፦ የእኛው አጥማጅ ግን ዛሬም መረቡን ይጥላል፤ ስለዚህ ነው የምሰጋለት። ከዝዋይ ለመስኖ ብዙ ውሃ ይሳባል፤ ሆላንዶች ያቋቋሙት የጽጌረዳ እርሻም እዚያው ዳር ነው። አቢጃታ ሐይቅ ለመሸሹ አንዱ ምክንያት ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚወርድለት ውሃ ማነሱ ነው።

እሱ፦ እንግዲህ የሚሄድ ሰው ምሳውን ሐይቁ ዳር ይብላ፣ አስጎብኚውንም ከደሴቱ ልጆች ይያዝ።