ሐዲዱን የሚያኖረው ባለሙያው ነው



በባቡርና በሲቪል ግንባታ ሙያ ሠልጥናችሁ በምትመረቁበት በዚህ ቀን አንድ ሐሳብ ይዤ ቀርቤያለሁ። መንግሥት ለሥልጠናችሁ ያወጣው ገንዘብ የግንባታው ወጪ አንድ ክፍል ነው፤ እንደ ችሮታ ሊታይ አይገባም። ሐዲድ ሲዘረጋ ብድሩ ይነገራል፣ ኪሎ ሜትሩ ይቆጠራል፣ ሪባን ይቆረጣል። ያንን ሐዲድ ለአሥርተ ዓመታት የሚጠብቀው ሰው በሒሳቡ ካልገባ ግን ሀገር ዕዳውን ይዛ ንብረቱን ታጣለች።

ለዚህ የጎረቤታችን የሱዳን ታሪክ ብዙ ያስተምረናል። ከካርቱም ወደ ላይ፣ በጥቁር ዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ሶባ የምትባል ቦታ አለች። የክርስቲያኑ የአልዋ መንግሥት መዲና ነበረች። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ኑብያ የጻፈው ኢብን ሱለይም አል አስዋኒ ያማሩ ሕንፃዎቿን፣ በወርቅ የበለጸጉ አብያተ ክርስቲያኖቿንና የአትክልት ቦታዎቿን መስክሮላታል። መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ ከተማዋን የሚጠግን አልተገኘም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካርቱም ስትቆረቆር የሶባ ቀይ ሸክላ ጡብ እየተነቀለ ለአዲሲቱ ከተማ ግንባታ ተወሰደ። ዛሬ በቦታው በብዛት የሚታየው የፍርስራሽ ጉብታ ነው። ሶባ የወደቀችበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ከውድቀቱ በኋላ የሆነው ነው። ጡቡ ጠንካራ ነበር፤ ለሌላ ከተማ እስኪተርፍ ድረስ ጠንካራ ነበር። ያልነበረው ቆሞ እንዲኖር የሚያደርገው ባለሙያና ባለሙያውን የሚያሠራ ሥርዓት ነው።

የሱዳን ባቡር ታሪክም ከዚህ አይርቅም። ከዋዲ ሐልፋ በእ.ኤ.አ. 1897 የተጀመረው ሐዲድ በ1899 መጨረሻ ካርቱም ፊት ለፊት ደረሰ። ዋና መሥሪያ ቤቱና ታላላቅ ጋራዦቹ አትባራ ላይ ከተሙ፤ ከተማዋም የሱዳን የሙያ ትምህርት ቤት ሆነች። በእ.ኤ.አ. 1940ዎቹ ሠራተኞቿ ተደራጅተው መብታቸውን ያስከበሩት በእጃቸው ያለው ሙያ በቀላሉ የሚተካ ስላልነበረ ነው። ኋላ ግን በተከታታይ የመጡ መንግሥታት አድማና ፖለቲካን ምክንያት አድርገው በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን አባረሩ። ማዕቀብና የመለዋወጫ እጥረት ተጨመረበት፤ ጭነቱም ወደ ከባድ መኪና ዞረ። ልምድ ያለው ሠራተኛ ሲወጣ ዕውቀቱም አብሮት ይወጣል፤ ዕውቀቱን መልሶ ለማምጣት ደግሞ አዲስ ሎኮሞቲቭ መግዛት አይበቃም።

ወደ ሀገራችን እንመለስ። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት መስጠት ጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ በመለዋወጫና በጥገና ችግር የቆሙበት ጊዜ መጣ። 750 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀመረ፤ የቻይና ኩባንያዎች ሲያስተዳድሩት ቆይተው በ2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች አስረከቡ። ከእንግዲህ ሲግናል ሲበላሽ፣ ጠጠሩ ሲሸሽ፣ ጎርፍ የድልድዩን እግር ሲቦረቡር ኃላፊነቱ የኛ ነው።

የሥልጠና ወጪ የግንባታው አካል ነው በሚለው ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ክብደትም አላቸው። የመጀመሪያው፣ ሥራ በሌለበት ማሠልጠን ሥራ አጥ ማብዛት ነው የሚለው ነው። የባቡር ፕሮጀክት ሲቆም ሠልጣኝ እንደሚበተን እውነት ነው። ሆኖም የኮንክሪት ሥራ፣ ፌሮ ማሰር፣ ብየዳ፣ ቅየሳና የውሃ መውረጃ ሥራ ለመንገድም፣ ለግድብም፣ ለመኖሪያ ቤትም ይሆናል። ጥገና ደግሞ ፕሮጀክት ሲያልቅ የሚጀመር ሥራ ነው። ስለዚህ ተቃውሞው የሚያስተምረን ሥልጠናን ከቅጥር ጋር ማሰር እንዳለብን ነው፤ በየጨረታው ሠልጣኝ የመቀበል ግዴታ፣ በየዓመቱ በጀት የጥገና ሠራተኛ ደመወዝ ይግባ።

ሁለተኛው፣ ማሠልጠን የተቋራጩ ድርሻ ነው የሚለው ነው። ተቋራጭ የሚያሠለጥነው እስከ ርክክብ ቀን ለሚያስፈልገው ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስላለው ሠላሳና አርባ ዓመት የሚያስበው የንብረቱ ባለቤት የሆነው ሕዝብ ነው። ሦስተኛው፣ የሠለጠነው ይሰደዳል የሚለው ነው። አዎ፣ ይሰደዳል። መድኃኒቱ ግን ልጆቻችንን ያለ ሙያ ማስቀረት አይደለም፤ ያለ ሙያም ይሰደዳሉ፣ ያውም ለዝቅተኛ ደመወዝና ለከፋ ጉልበት ብዝበዛ። የሙያ ደረጃውን የሚመጥን ደመወዝና የዕድገት መሰላል ከተዘጋጀ ብዙዎች እዚሁ ይቀራሉ።

ውድ ተመራቂዎች፣ የብቃት ምዘና ማለፍ የሥራ መጀመሪያ ፈቃድ ነው። ያልጠነከረ ብየዳ ስታዩ አትለፉ፤ ያልለካችሁትን ለክተናል ብላችሁ አትፈርሙ፤ የሠራችሁትንና የጠገናችሁትን መዝግቡ፤ ከናንተ በኋላ የሚመጣውን ታናሻችሁን አስተምሩ። የመንግሥት ኃላፊዎች ደግሞ እነዚህን ወጣቶች ካስመረቃችሁ በኋላ አትርሷቸው፤ ቅጠሯቸው፣ ስትቀጥሯቸውም አክብሯቸው። የተበደርንበትን ሐዲድ ለልጅ ልጆቻችን የሚያደርሱት እነሱ ናቸው።

መልካም የሥራ ዘመን ይሁንላችሁ።