ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ በጽኑ ብርድ ውስጥ እንዴት እንደሚጸና
(ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተደረገ ንግግር)



በሰው አጠገብ ያለ መሣሪያ ቢበላሽ ባለሙያ ይጠግነዋል፤ በጨረቃ ላይ የቆመውን ግን ማንም ሄዶ አይጠግነውም። ስለዚህ ለጽኑ ብርድ የሚሠራ መሣሪያ ጥገናው ሁሉ አስቀድሞ በአሳብ ሊፈጸም ይገባል።

ብርድ መሣሪያን በሦስት መንገድ ይጐዳል። አንደኛ፥ ማዕድን ሲበርድ ይኰማተራል። መዳቡና ሸክላው ግን እኩል ስለማይኰማተሩ፥ በቀለጠ ቈርቈሮ የተጋጠሙበት ሥፍራ ይሳሳባል፤ ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቁበትም ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ሁለተኛ፥ በባትሪው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይወፍራል፤ ኀይሉም ይደክማል፤ ብርዱ ሲበረታ ፈጽሞ ይረጋል። ሦስተኛ፥ የመዘውሩ ዘይት፥ ቅቤ በማለዳ እንደሚረጋ ሁሉ፥ ረግቶ መንቀሳቀስን ይከለክላል።

መድኃኒቱም ይህ ነው፤ እኩል የሚኰማተሩትን መርጦ ማጋጠም፥ መሣሪያውን ሙቀት በማያሳልፍ ልብስ መጠቅለል፥ በውስጡ ማሞቂያ ማኖር፥ ከመላኩም በፊት እያበረዱና እያሞቁ ደጋግሞ መፈተን።

የጨረቃ ሌሊት 14 የምድር ቀን ያህል ይረዝማል፤ ብርዱም ከዜሮ በታች ከ170 ዲግሪ ሴንቲግራድ ያልፋል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት የሰደደችው ሉኖሖድ 1 የተባለው ተሽከርካሪ፥ ፖሎኒየም የሚባል ከባሕርዩ ሙቀት የሚያመነጭ ነገር በውስጡ ነበረው፤ ሌሊት ሲመጣም ክዳኑን ገጥሞ ሙቀቱን ይጠብቅ ነበር። በዚህ ምክንያት ዐሥር ወር ያህል ሠራ። በ2023 ዓ.ም. ህንድ ያሳረፈቻቸው ቪክራምና ፕራግያን ግን እንዲህ ያለ ማሞቂያ አልነበራቸውም። ሥራቸውን በአንድ የጨረቃ ቀን ፈጽመው ተኙ፤ ሌሊቱ ከነጋ በኋላ ቢጠሩ አልመለሱም።

ይህ ግን የሠሪዎቹ ጥፋት አይደለም፤ ዕድሜያቸውን አስቀድመው ለአንድ ቀን ለክተዋልና። ማሞቂያ ክብደትና ወጪ ይጨምራል፤ ሥራው አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ያለ እርሱ መሄድም ጥበብ ነው። እንግዲህ የሠሪ ፊተኛው ጥያቄ «ምን ያህል ይጠንክር?» ሳይሆን «ስንት ሌሊት ይደር?» የሚለው ነው።

ሽማግሎች ሆይ፥ ቤት የሚከደነው ክረምት ሳይገባ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። መምህራን ሆይ፥ ልጆች ዕቃ ከመሥራታቸው በፊት የሚውልበትን ሥፍራ፥ የሚቈይበትን ዘመን፥ አስቀድሞም የሚላቀቀውን መጋጠሚያ እንዲመረምሩ አስተምሯቸው።