ሰው የማይቀመጥበት ዴስክቶፕ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ፈተና አጻጻፍ ሳይሆን ፈተናው ስለሚካሄድበት ቦታ ነው። ስለ አጻጻፉ ብዙ ተብሏል፤ ዴስክቶፑ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ነገሩ ተዘጋጅቶ ይተዋል። ከዚህም የተነሣ ፕሮግራሙ ደኅና ሆኖ ሳለ ፈተናው ይወድቃል፤ ይባስ ብሎም ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ሳለ ፈተናው ያልፋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው።

እንደሚታወቀው ሰው ማውዝ ይዞ የሚሠራውን ሥራ ፕሮግራም ተክቶ እንዲሠራው ሲታዘዝ፣ መስኮት የሚከፈትበት ስክሪን ያስፈልገዋል። ሌሊቱን ሙሉ ፈተና የሚያካሂዱልን ሰርቨሮች ግን ስክሪን የላቸውም። በሊኑክስ ለዚህ ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ ኤክስቪኤፍቢ ነው። ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1984 በኤም አይ ቲ የተጀመረው የኤክስ መስኮት ሥርዓት አካል ሲሆን፣ ሥዕሉን ወደ ስክሪን በመላክ ፈንታ በኮምፒዩተሩ ማስታወሻ ውስጥ ይይዘዋል። አግድሙ 1280፣ ቁመቱ 1024 ነጥብ የሆነ ስክሪን ለየነጥቡ 4 ባይት ቢመደብለት የሚፈጀው 5 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነው። ስፋቱን ግን በቁጥር ወስኖ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ስፋቱ በተለወጠ ቁጥር ቁልፎቹ ቦታቸውን ይለውጣሉና።

ይህ ብቻውን ባዶ ግድግዳ ነው። የመስኮት አስተዳዳሪ ካልተጨመረበት ከተከፈቱት መስኮቶች የትኛው ጽሑፍ እንደሚቀበል የሚወስን አይኖርም፤ የተላከው ፊደልም ወዳልታሰበ ቦታ ይሄዳል። ስክሪን የሚቆልፈውን፣ ማስታወቂያ የሚያወጣውንና «አዲስ እትም መጥቷል» የሚለውን ሁሉ አስቀድሞ ማጥፋት ይገባል። በዊንዶውስም ቢሆን የተቆለፈ ዴስክቶፕ የማውዝ ትእዛዝ አይቀበልም። ዌይላንድ ደግሞ ለደኅንነት ሲባል አንዱ ፕሮግራም የሌላውን መስኮት እንዳያይና በሌላው ላይ ቁልፍ እንዳይመታ ስለሚከለክል፣ ለኤክስ የተሠሩ የቆዩ መሣሪያዎች በእርሱ ላይ እንደ ቀድሞው አያገለግሉም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልመለስ። የአማርኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ቢመዘገብም፣ ለሰርቨር ተብለው በተጨመቁ የሊኑክስ ቅጂዎች ውስጥ የግዕዝ ፎንት ብዙ ጊዜ አይገኝም። ፎንቱ ከሌለ በፊደሎቹ ቦታ ባዶ ሣጥኖች ይደረደራሉ። ፈተናው ይህን ያያልን? ሁለት መንገዶችን እንመልከት። አንደኛው በኤቲ ኤስፒአይ በኩል የቁልፉን ስም መጠየቅ ነው። ይህ ለዓይነ ስውራን አንባቢ ፕሮግራሞች ተብሎ የተዘረጋ መንገድ ሲሆን፣ የሚመልሰው በፕሮግራሙ ውስጥ የተጻፈውን ስም እንጂ የተሣለውን አይደለም። ስለዚህ «አስቀምጥ» የሚለው ቃል በትክክል ይነበባል፤ ስክሪኑ ላይ ያሉት ግን አምስት ሣጥኖች ናቸው። ሁለተኛው ሥዕልን ከሥዕል ማነጻጸር ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ሥዕል ፎንት በሌለው ዴስክቶፕ ላይ ተነሥቶ ከሆነ፣ ሣጥን ከሣጥን ጋር ይመሳሰላልና ይህም ያልፋል። በማግስቱ የሚቀርበው መግለጫ «ሁሉም አልፏል» ይላል፤ አንድ የወረዳ ጸሐፊ ግን የትኛውን ቁልፍ እንደምትጫን አታውቅም።

ስለሆነም እንደ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ያለ ፎንት ከነእትም ቁጥሩ በዴስክቶፑ ዝግጅት ውስጥ መጻፍ አለበት። የመጀመሪያውንም ሥዕል አማርኛ የሚያነብ ሰው በዓይኑ አይቶ ሳያጸድቀው መመዘኛ ሊሆን አይገባም። ቁልፎችን በስማቸው ከመፈለግ በቋሚ መለያቸው መፈለግ ይሻላል፤ ተርጓሚው «ጸ»ን በ«ፀ» የለወጠ ዕለት ፈተናው ሁሉ ይወድቃልና። (ይህ ክርክር በእኛ ዘመን የሚያልቅ አይመስለኝም።)

የአጻጻፍ ዘዴውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በድምፅ ላይ በተመሠረቱት ዘዴዎች «ሰ»ን ለመጻፍ ሁለት ቁልፎች ይመታሉ፤ መጀመሪያ ሳድሱ «ስ» ይታይና አናባቢው ሲጨመር ይለወጣል። ያለቀ ቃል በአንድ ጊዜ የሚለጥፍ ፈተና ይህን ሁሉ ይዘለዋል። ስለዚህ በዴስክቶፑ ላይ የአማርኛ መጻፊያው ተጭኖ፣ ቢያንስ አንድ ፈተና ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየመታ ስም ጽፎ እንዲመዘግብ ማድረግ ያስፈልጋል።