አበባው ሞልቶ ፍሬ የጠፋበት ሐረግ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ወጋችን ስለ ፓሽን ፍሩት ነው።

ሐረጉ ዳሱን አልፎ ጣሪያ ላይ ወጥቷል፤ አበባውም ዓይን ይማርካል። ፍሬ ግን የለም። ባለቤቱ አፈሩን ይጠረጥርና ዩሪያ ይጨምርለታል። ሐረጉም ቅጠሉን ብቻ ያበዛል።

እስቲ አበባውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። አምስቱ ወንዴዎች የአበባ ዱቄታቸውን ወደ ታች አድርገው ተዘርግተዋል። ሦስቱ ሴቴዎች ከበላያቸው ቀና ብለው ይቆዩና ቀስ በቀስ ይጎነበሳሉ። ከሥር ማር የምትቀስመው ንብ ትንሽ ስለሆነች ጀርባዋ ብዙ ጊዜ አይነካቸውም። ሥራውን አሳምሮ የሚሠራው ደረቅ ግንድና የቤት ወጋግራ የሚበሳው ትልቁ ጥቁር ጢንዚዛ ነው። እኛ ደግሞ ባየነው ቁጥር በጋቢ እናባርረዋለን!

ዓይነቱንም መለየት ያሻል። ሐምራዊው ወይና ደጋ ይስማማዋል፤ አበባው ማለዳ ተከፍቶ ቀትር ገደማ ይዘጋል፤ በራሱ ዱቄትም ያፈራል። በአዋሽ ሸለቆ ጥቢላ ላይ ለጭማቂ በሰፊው የተተከለው ቢጫው ቆላ ይወዳል፤ ቀትር ላይ ተከፍቶ ሲመሽ ይዘጋል። የራሱ ዱቄት ግን አይሆነውም፤ ከሌላ ዘር የበቀለ ጎረቤት ይፈልጋል። ከአንድ ሐረግ ተቆርጠው የተባዙ ችግኞች አንድ አካል ናቸውና አይረዳዱም።

እንግዲህ ደጋው ነፋስ መውጫ ላይ ውርጩ ሐረጉን አያስችለውም። ለእስቴ ወይና ደጋ ሐምራዊው፣ ወደ በሽሎ ወንዝ ለሚወርደው የስማዳና የታች ጋይንት ቆላ ቢጫው ይሻላል።

ዝናብም ዱቄቱን ካረጠበው ያበላሸዋል፤ ክረምት ላይ ያበበው ብዙው ይረግፋል። በበጋ መስኖ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ጢንዚዛው ከጠፋ ደግሞ እጃችን አለ፤ ከአንዱ ሐረግ አበባ ዱቄቱን በጣት አንስቶ የሌላውን ሦስቱንም ጫፎች መንካት ነው። ለቢጫው ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ነው።

ፍሬ የሚይዘው አዲሱ ቀንበጥ ስለሆነ፣ ከለቀማ በኋላ አሮጌውን ግረዙት። አበባው በተከፈተበት ሰዓት ፀረ ተባይ አትርጩ። ከዳሱ አጠገብም አንድ ደረቅ ግንድ ጣል አድርጉ፤ ጢንዚዛው ያንን ካገኘ ወጋግራችሁንም ሊተውላችሁ ይችላል።